ከልጅነት በኋላ፦ ኦቲዝምና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ሠዓልያን በኢሉባቦር ሊደረግ ስለሚገባው ድጋፍ

በኢትዮጵያ ስለ ኦቲዝም የሚደረገው ውይይት አብዛኛውን ጊዜ ከልጅነት ዕድሜ አያልፍም። ለዚህም ምክንያት አለው። ጉዳዩ በአደባባይ መነገር የጀመረው በልጆች ስም ነበር። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለገዛ ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት በማጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲያቋቁሙ ቀዳሚው ጥያቄ ልጁን የሚቀበል የመማሪያ ክፍል የማግኘት ጥያቄ ነበር። ከዓመታት በኋላ ወላጆች ያቋቋሙት የነህምያ ኦቲዝም ማዕከልም የተነሣው ከዚሁ ችግር ነው። ዘሚ የኑስ በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፤ ማዕከላቸው ሲከፈት ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ግን ዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ጢም አብቅሎም ቢሆን በቤተሰቡ፣ በጎረቤቱና በተቋማት መዝገብ ዘንድ ልጅ መባሉ አልቀረም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና በአዲስ አበባ የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎችን የጠየቀ ጥናት፣ ከአሳዳጊዎቹ ሦስት አራተኛው እጅ ያህል ከሁሉ በፊት ያጡት ለልጃቸው የሚስማማ ትምህርት መሆኑን አመልክቷል። መልሱ የሚጠበቅ ነው። ሕፃን ይዞ ወደ ክሊኒክ የመጣ ወላጅ ትምህርትን ያስቀድማል። ትምህርቱ ተገኝቶ ቢያልቅስ? ከአዲስ አበባ ወጥቶ በመቱ፣ በጎሬ ወይም በኡካ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ጥያቄ እጅግ ይከብዳል፤ በእነዚህ ከተሞች ሃያ ዓመት የሞላው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ሰው ቀኑን የሚያሳልፍበት፣ ሰው የሚያገኝበትና የድካሙን ዋጋ የሚቀበልበት ቦታ እንዲህ በቀላሉ አይጠቆምም። በአቅራቢያው ካሉት ተቋማት መካከል ክፍል፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛና ተመራማሪ በአንድ ግቢ የያዘው መቱ ዩኒቨርሲቲ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ለዩኒቨርሲቲው ሊቀርብ የሚገባው ነው፤ ሥነ ጥበብም ከሚሰጡት መልሶች አንዱ ሊሆን ይችላል።

ሥነ ጥበብና ኦቲዝም በአንድነት ሲነሡ ግን ሁለት የተለመዱ አነጋገሮች መንገድ ይዘጋሉ። የመጀመሪያው ሥዕልን የሕክምና ማሟያ ብቻ አድርጎ ያያል፦ መሣል ያረጋጋል፣ ጣትን ያፍታታል፣ ትኩረትን ያሰለጥናል። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የሥዕሉ ዋጋ በሣዩ መረጋጋት ብቻ ሲለካ ወረቀቱ በቀኑ መጨረሻ ይጣላል። ሁለተኛው አነጋገር በተቃራኒው ተአምር ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተወለደው እንግሊዛዊው ስቲቨን ዊልትሸር ከሄሊኮፕተር ለጥቂት ጊዜ የተመለከተውን ከተማ ከነሕንጻዎቹ በቃሉ ይሥላል፤ ኦቲዝም አለበት፤ ዝናውም ይገባዋል። ነገር ግን እርሱን የመሰለ ሰው ብርቅ ነው። ወላጅ ልጁን በዊልትሸር መስፈርት ሲመዝን፣ ተሰጥኦ የለውም ብሎ ቀለሙን ከእጁ ይወስዳል። ተሰጥኦ ፍለጋ የሚመስለው ነገር በብዙ ቤት የተስፋ መቁረጫ ምክንያት ሆኖ ያርፋል።

በቅርቡ የታየ አንድ ክስተት ከሁለቱም አነጋገሮች ውጪ ያለውን መንገድ ያሳያል። በብሪታንያ ለዘመናዊ ሥነ ጥበብ የሚሰጠውን ታላቁን የተርነር ሽልማት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2025 ያገኘችው ኔና ካሉ ናት። ኔና ከናይጄሪያውያን ወላጆች በግላስጎው የተወለደች፣ ኦቲዝምና የመማር ውስንነት ያለባት፣ በቃል እምብዛም የማትናገር ሠዓሊ ናት። ጨርቅ፣ ገመድና የቪዲዮ ካሴት ክር እየጠቀለለችና እየቋጠረች ከጣሪያ የሚንጠለጠሉ ግዙፍ ቅርጾች ትሠራለች፤ በትላልቅ ወረቀቶች ላይም እንደ አዙሪት የሚሽከረከሩ መስመሮችን ትሥላለች። ጋዜጦች በሽልማቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ የመማር ውስንነት ያለባት አሸናፊ መሆኗን አጉልተው ጻፉ። ለተመራማሪ የሚጠቅመው ቁጥር ግን ሌላ ነው። አክሽንስፔስ በተባለው የለንደን ድርጅት ስቱዲዮ መሥራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር። ከመጀመሪያው ቀን እስከ ሽልማቱ 26 ዓመታት አለፉ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የሥራ ቦታ፣ ቁሳቁስና ልማዷን የሚያውቅ ረዳት አልተቋረጠባትም።

የጁዲት ስኮት ታሪክ ደግሞ ጉዳዩን ይበልጥ ያብራራል። ጁዲት እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ኦሃዮ ከመንታ እኅቷ ጋር ተወለደች። ዳውን ሲንድረም ነበረባት፤ መስማትም አትችልም ነበር፤ መስማት አለመቻሏ ግን ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ቀርቶ ዝምታዋ በሙሉ የአእምሮ ጉድለት ተደርጎ ተቆጠረ። በሰባት ዓመቷ ከቤት ወጥታ ወደ መንግሥት ማቆያ ገባችና ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚያው ኖረች። መንታ እኅቷ በሕግ አሳዳሪዋ ሆና ወደ ካሊፎርኒያ ከወሰደቻት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1987 በኦክላንድ ከተማ በሚገኘው ክሪየቲቭ ግሮውዝ የተባለ የሥነ ጥበብ ማዕከል ተመዘገበች። ይህን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1974 ያቋቋሙት ፍሎረንስ ሉዲንስና ባለቤቷ ኤልያስ ካትዝ ናቸው፤ እርሷ የሥነ ጥበብ መምህርት፣ እርሱ የሥነ ልቡና ባለሙያ ነበሩ። የጀመሩትም በመኖሪያ ቤታቸው ነው።

ጁዲት በማዕከሉ ወደ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ይህ ነው የሚባል ነገር አልሠራችም። እርሳስ ይሰጣታል፤ ታሞነጫጭራለች፤ ትተወዋለች። ከዚያም አንዲት የክርና የጨርቅ ሥራ ባለሙያ ለሌሎች ትምህርት በምትሰጥበት ክፍል ገብታ ክር አነሣች። ያገኘችውን ዕቃ በክር መጠቅለል ያዘች፤ ጥቅልሉ በጥቅልል ላይ እየተደራረበ ሰው የሚያህል ቅርጽ እስኪሆን ድረስ ለሳምንታትና ለወራት ትሠራው ነበር። እስከ ዕለተ ሞቷ እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ከሁለት መቶ የማያንሱ ሥራዎችን ፈጸመች፤ የብሩክሊን ሙዚየምም እ.ኤ.አ. በ2014 ሰፊ ዐውደ ርእይ አዘጋጀላት። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታሰብ አለበት። ማዕከሉ በስድስት ወር ፕሮጀክት የሚተዳደርና በስድስተኛው ወር ውጤት የሚጠየቅ ቢሆን ኖሮ፣ ጁዲት ስኮት ፍላጎት ያላሳየች ተብላ ከመዝገብ ትሰረዝ ነበር። በልማት ድርጅቶችም ሆነ በዩኒቨርሲቲዎች የማኅበረሰብ አገልግሎት ዕቅድ የተለመደው የጊዜ ልክ ደግሞ ከዚያ እምብዛም አይረዝምም።

በእነዚህ ማዕከሎች ሥራውን የሚሸከመው ሰው መምህርም ሐኪምም አይደለም። በራሱ ሠዓሊ ወይም የእጅ ባለሙያ የሆነና ደመወዝ የሚከፈለው ረዳት ነው። ጠዋት ጠረጴዛውን ሁልጊዜ በነበረበት ቦታ ያደርጋል፤ ቀለሙን በሚታወቀው ተራ ይደረድራል፤ ሠዓሊዋ ልትቆርጠው የማትችለውን ገመድ በምትፈልገው ርዝመት ይቆርጣል፤ ወረቀቱ ሲሞላ ሌላ ያቀርባል። ከሁሉ የሚከብደው ማድረግ የሌለበትን አለማድረጉ ነው። ቀለም አይመርጥም፤ ያላለቀ የመሰለውን አይጨርስም፤ ለሥዕሉ ሠዓሊዋ ያላሰበችውን ርእስ አይሰጥም። ይህ ልክ ሲጣስ ሥራው የረዳቱ ይሆናል፤ ገዢውም ይህን ቶሎ ይለየዋል። አንዳንድ ተቺዎች የእንዲህ ያሉ ሠዓልያንን ሥራ የማን ነው ብለው የሚጠይቁት ከዚሁ የተነሣ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ይሁንና ቀለም በጥባጭ ደቀ መዝሙር ወይም ሸራ ወጣሪ ሠራተኛ የነበራቸው ታላላቅ ሠዓልያን እንዲህ ተብለው ሲጠየቁ አይሰማም።

በኢትዮጵያ ወደ ሠዓሊነት ሙያ የሚወስደው የታወቀ በር በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገሰላም የተቋቋመውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ተማሪዎች የማለፊያውን ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለበት ወጣት ይህ በር የተዘጋ መሆኑን ለማወቅ ሌላ ስሌት አያስፈልግም። በሩ ቢከፈትለት እንኳ ጋለሪዎቹ፣ ገዢዎቹና የሠዓልያኑ ማኅበራዊ ትስስር ያሉት ከመቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በአዲስ አበባ ነው፤ አካባቢ ሲለወጥ ለሚታወክ ሰው ደግሞ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም።

ስለዚህ ነገሩ ሰውየው ካለበት ቦታ መጀመር ይኖርበታል። ኢሉባቦር የእጅ ሙያ ያልተለየው አገር ነው። ሸክላ ይሠራል፤ ቀፎ ይጠፈጠፋል፤ በርጩማ ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል፤ ስፌት ይሰፋል፤ ልብስ ሰፊውም በየገበያው ቁራጭ ጨርቅ ያተርፋል። ለሠዓሊ የሚሆነው ቁሳቁስ ከውጭ የሚመጣ ሸራና ዘይት ቀለም ብቻ ነው ያለ ማንም የለም፤ የጁዲት ስኮት ክርም የኔና ካሉ ገመድም ከተራ ዕቃ መደብር የሚገኙ ነበሩ። ነገር ግን እዚህ ላይ ሁለት አደጋዎች አሉ። አንደኛው በስልጠና ስም የሚመጣው ነው። አካል ጉዳተኞችን ለመርዳት የሚቋቋሙ የእጅ ሥራ ስልጠናዎች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ጌጥ፣ አንድ ዓይነት ምንጣፍ፣ አንድ ዓይነት ፖስት ካርድ ያስመርታሉ፤ ዕቃው በባዛር ይቀርባል፤ ገዢው የሚከፍለውም ለዕቃው ሳይሆን ለኀዘኔታው ነው። ኀዘኔታ ደግሞ አንድ ጊዜ ይገዛል እንጂ ደንበኛ አይሆንም።

ሁለተኛው አደጋ ሥር የሰደደ ነው። በዚህች አገር ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔና ቀጥቃጭ በሙያቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ስድቡ የቱን ያህል እንደ በረታ አይተው ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነትም በብዙ ቤት እንደ እርግማን ወይም እንደ ክፉ መንፈስ ሥራ ይታያል። ልጃቸውን ከጎረቤት ዓይን ሲሰውሩ የኖሩ ወላጆች ባለ እጅ እናደርገዋለን ቢባሉ፣ በአንዱ ነውር ላይ ሌላ ነውር እንደ ተጨመረ ሊሰማቸው ይችላል። የደመወዝ ጉዳይ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በወሩ መጨረሻ ገንዘብ ይዞ የሚገባ ሰው በቤቱ ያለው ስፍራ ይለወጣል፤ ይህን ለማስረዳት የግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ አያስፈልግም።

ደመወዙን በሕግ መንገድ ለማግኘት የሚያስችል በር አለ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው ዐዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተስማሚ የሥራ ሁኔታን እንዲያመቻችና ረዳት እንዲመድብ ያዝዛል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 30 እነዚህ ሰዎች የፈጠራና የሥነ ጥበብ ችሎታቸውን ለራሳቸውም ለኅብረተሰቡ መበልጸግም እንዲያውሉት መንግሥታት እርምጃ እንዲወስዱ ይጠይቃል። ችግሩ ሠዓሊ በልማድ አሠሪ የሌለው መሆኑ ነው። አሠሪ ከሌለ ረዳት እንዲመድብ የሚገደድ የለም፤ ዐዋጁም በወረቀት ላይ ይቀራል። ዩኒቨርሲቲው ጥቂት ሠዓልያንን፣ አራትም ቢሆኑ፣ በደመወዝ ቢቀጥር ግን ራሱ አሠሪ ይሆናል፤ የረዳቱም ምደባ ከችሮታነት ወጥቶ ግዴታ ይሆናል። የአትክልተኛና የጥበቃ መደብ ያለው ተቋም የሠዓሊ መደብ የማይኖረው በምን ምክንያት እንደሆነ ለማስረዳት ያስቸግራል።

ቀጥሎ የባለቤትነት ጉዳይ ይመጣል፤ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻውም ይህ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራው አመንጪ መብት ሲሰጥ የሥራውን የጥራት ደረጃም የሣዩን የአእምሮ ሁኔታም አይጠይቅም። በሌላ በኩል የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 339 ጀምሮ የአእምሮ ዕድገታቸው ያልተሟላ ሰዎችን የሥራቸውን ውጤት ከማይረዱት ጋር ይመድባል፤ በአንቀጽ 351ም ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ሰው ለጥቅሙ ሲባል ከሕጋዊ ተግባር ሊከለክለው ይችላል። ሁለቱ ሲገናኙ እንግዳ ነገር ይፈጠራል፦ ሥዕሉ የሠዓሊው ነው፤ ሠዓሊው ግን ሥዕሉን ለመሸጥ የሚፈርመው ውል ሊናድ ይችላል። በዚህ ክፍተት ውስጥ ዘመድ፣ ነጋዴና ተቋም በቀላሉ ይገባሉ። የፍርድ ክልከላን እንደ መፍትሔ መያዝ የባሰ ይሆናል፤ ሰውየውን ከውሉ ብቻ ሳይሆን ከሌላውም ሕይወቱ ያስወጣዋልና። የተሻለው መንገድ በቤቱ ቋንቋ፣ በመቱ አካባቢ በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ፣ በአጭር ዐረፍተ ነገርና በሥዕል የተዘጋጀ ውል፣ ከቤተሰቡም ከዩኒቨርሲቲውም ያልሆነ አንድ ታዛቢ፣ በሠዓሊው ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው። የሕግ ትምህርት ክፍሎች የሚሰጡት ነፃ የሕግ ድጋፍ አገልግሎት ለዚህ ሊውል ይችላል። ክሪየቲቭ ግሮውዝ ከሽያጩ ግማሹን ለሠዓሊው ይሰጣል፤ በመቱም ከዚያ ያነሰ ድርሻ የሚታሰብበት ምክንያት አይታይም።

ስለ ክፍሉ አንድ ነገር መናገር ይገባል፤ ዕቅድ ሲወጣ የሚረሳው እንዲህ ያለው ነውና። የኢሉባቦር ዝናብ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን ዝናባማዎቹ ወራትም ብዙ ናቸው። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዶፍ ሲወርድ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ አይደማመጡም። ድምፅ ለሚያስጨንቀው ኦቲዝም ላለበት ሰው እንዲህ ያለ ክፍል የሥራ ቦታ ሊሆን አይችልም፤ ሰውየው ጆሮውን ይዞ ከወጣ በኋላ ፍላጎት የለውም ተብሎ መመዝገቡ ደግሞ አይቀርም። ወፍራም ኮርኒስ፣ ከመሬት ከፍ ያለ የወረቀትና የጨርቅ መደርደሪያ፣ እርጥበት እንዳይዝ በሁለት ወገን የሚከፈት መስኮት፣ ሲጨንቀው የሚገባበት ትንሽ ጸጥ ያለ ክፍል፤ ይህ ሁሉ ከአንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ መስተንግዶ ወጪ የሚበልጥ አይመስልም።

በድሃ አገር፣ ገና ትምህርትና ሕክምና ባልተሟላበት፣ ሠዓሊ መቅጠር ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ የታወቀ ነው። ተቃውሞው ተራ አይደለም። ሆኖም ሥራ ከሌለ ትምህርቱም መድረሻ ያጣል፤ ሥራ ይገኝለታል ብሎ የማያስብ መምህርና ወላጅም ለልጁ የሚያወጣውን ጊዜ ይቀንሳል። ሁሉም ሠዓሊ ይሁን ያለም የለም። ከአሥር አንዱ ይወደው ይሆናል፤ የቀሩት በችግኝ ጣቢያ፣ በቡና ለቀማ፣ በማብሰያ ቤት የሚስማማቸውን ሊያገኙ ይችላሉ። ለሥዕል የሚነገረው ለእነዚያም ይሆናል፤ ረዳቱ፣ ደመወዙና ጸጥ ያለው ማረፊያ በየትኛውም ሥራ ያስፈልጋሉና።

ገበያውን በተመለከተ የመጀመሪያው ገዢ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ቢሮዎቹና አዳራሾቹ ባዶ ግድግዳ አላቸው። ከዚያ አልፎ የአካባቢው ቡናና ማር ማሸጊያ ይፈልጋል። ሥዕሉ ለማሸጊያ ሲውል ግን በአንድ ጊዜ ክፍያ ጠቅልሎ መሸጡ ለሠዓሊው ጉዳት ነው፤ የመጠቀም ፈቃዱ በዓመት የሚታደስና ክፍያውም የሚደጋገም መሆን አለበት። ዐውደ ርእይም ቢሆን መጋቢት 24 ቀን በሚውለው የዓለም የኦቲዝም ቀን ዙሪያ ብቻ ከታሰረ፣ በቀረው ዓመት ሥዕሉ መጋዘን ውስጥ ይከርማል፤ ሠዓሊውም በካሜራ ፊት መቆም የሥራው ክፍል ይሆንበታል። የማይወድ ሰው እንዲቆም አይገደድ፤ ሥዕሉ ተሰቅሏል፤ ይበቃል።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከዚህ የሚገኘው የጥናት ርእስ ብዙ ነው፤ ነገር ግን የተለመደው ዓይነት ላይሆን ይችላል። የሣዩን የአእምሮ ሁኔታ ከመስመሩ ለማንበብ የሚደረገው ሙከራ ሠዓሊውን እንደገና ታማሚ ያደርገዋል፤ ሊቀር ይገባዋል። ይልቁንም ረዳቱ በቀን ስንት ጊዜ እጁን ከሥራው እንደመለሰ፣ ገንዘቡ በቤት ውስጥ በማን እጅ እንዳለፈ፣ ሠዓሊው እምቢ ሲል እምቢታው በምን ምልክት እንደሚታወቅና ማን እንደ ተቀበለው ሊጠና ይችላል። የጥናቱ ጊዜ ከመመረቂያ ጽሑፍ ዕድሜ ስለሚረዝም፣ አንዱ ተማሪ የጀመረውን ሌላው የሚቀበልበት መዝገብ ያስፈልጋል። በዓመታዊው የሪፖርት ቅጽ ላይ የተገኘ ውጤት የሚለው ዓምድ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ምናልባት ባዶ ይሆናል፤ የጁዲት ስኮት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታትም እንደዚያው ነበሩ። እንግዲህ በጀቱን የሚያጸድቀው አካል ይህን ከወዲሁ አውቆ፣ ቢያንስ ለአምስት ዓመት የሚሆን ገንዘብ በአንድ ጊዜ መመደብ አለበት።